በንግድ ፈቃዴ ላይ ስላሉት ባለ ሪዝ ሰው

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16። ጠዋት፦ አንድ የቁም መስታወት ተሸጠ፤ ሁለት የእጅ መስታወት፤ ጥጉ የለቀቀ አንድ ፍሬም ተመልሶ መጣ፣ ተጠገነ። አንዲት ሴት የቁም ሣጥን መስታወት ልታዝዝ መጥታ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ወረቀት አነበበችና ሳትገባ ተመለሰች። ሌሎቹ ገብተው "ሊዘጋ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "እስካሁን ክፍት ነው" አልኳቸው። ከዚህ በታች ያለውን ደብዳቤ በገበያው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለራሴም እዚህ ገልብጬዋለሁ።

ለተከበሩ የገበያ ሱቆች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ

ጉዳዩ፦ ፊቴ እንዲመለስልኝ፣ የእርስዎም እንዲመለስልዎ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ የሚያገለግሉት ሠራተኞችም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለዓይንዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ከሌላው አካልዎ ሁሉ ለምን ዓይንዎን እንዳስቀደምኩ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው የሚያነቡበት ትዕግሥት ካለዎት ይገባዎታል። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደኅና ነኝ፤ ቢያንስ መስታወት ፊት ስቆም ደኅና የሆነች ሴት ትታየኛለች። በጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ ስለዚያኛው ሰው ጤና ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በገበያው ሦስተኛ መተላለፊያ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ መስታወትና የፎቶ ፍሬም የምሸጠው ነጋዴ ነኝ። ሱቁ የእናቴ ነበር። ጣሪያው ሸራ፣ ወለሉ አፈር በነበረበት ጊዜ ጀምራ ሠርታበት ለእኔ አወረሰችኝ፤ እኔም ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ይህን የምነግርዎ አንጀትዎን ለመብላት አይደለም። ፈቃዴ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታደሰ ሱቁ "ባለቤት ያልቀረበበት" ተብሎ በዕጣ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ በሬ ላይ ያስለጠፉት ቀይ ወረቀት ስለሚናገር፣ ስለ ምን እንደምናወራ ሁለታችንም እናውቅ ብዬ ነው።

ደግሞ ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ አቤቱታ እንዳይመስልዎ። አቤቱታዬንማ በተገቢው ቅጽ ጽፌ፣ በተገቢው ሣጥን ከትቻለሁ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ መቆየቱም በተገቢው አክብሮት ተነግሮኛል። ስለዚህ ያደረጉልንን ሁሉ፣ አንዱም እንዳይረሳ፣ በቁጥር እየለየሁ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ፋይሎቻችንን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስላሻገሩልን። በድሮው ጊዜ የእያንዳንዳችን ፎቶ በሽቦ ተይዞ በካርቶን ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ማኅደሩ አቧራ ነበረው፤ ጥጉን አይጥ የቀመሰውም አይጠፋም፤ ፎቶው ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የባለቤቱ ነበር። እርስዎ ይህን ኋላ ቀርነት ከሥሩ ነቀሉት። ፎቶዎቹ በስካነር ተነሡ፣ ወረቀቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ካርቶን ወደሚሠራበት ፋብሪካ ሄደ፣ ማኅደር ቤቱም መጋረጃ ተሰቅሎለት የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። አዳራሹን በበሩ አሾልቄ አይቼዋለሁ። መጋረጃው ያምራል።

ታዲያ ፎቶዎቹ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ሲገለበጡ፣ ግልበጣው ሳያልቅ አንድ ሰው ፍላሹን መንጭቆ ነቀለው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር አሉ። ሰው ነውና ይርበዋል፤ አልቀየምም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ፎቶዎች አልከፈት አሉ፤ የተከፈቱትም ባይከፈቱ ይሻላቸው ነበር። እኔ እስከ ቅንድቤ ድረስ ተርፌያለሁ፤ ከቅንድቤ በታች ያልተቀባ ግድግዳ ነኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ግማሽ ፊታቸው አረንጓዴ ሆኗል። የጫማ ነጋዴው አንድ ጆሮው ብቻ ቀርቷል፤ ጆሮው ግን ምንም አልሆነም፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ሁሉ ከማን እንደሰማሁ አይጠይቁኝ። መስታወት ቤት የገባ ሰው ከገዛ ፊቱ ጋር ሲፋጠጥ ሳይጠየቅ ብዙ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጆሮ አለኝ፣ ሁለቱም ይሠራሉ።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ስላስቀመጡልን። ቅጂው የተወሰደው ፎቶዎቹ ከተበላሹ በኋላ በመሆኑ፣ ብልሽቱ አንዳች ሳይጎድልበት በሁለት የተለያየ ቦታ ተቆልፎበት ይገኛል። አንድ ቀን ዋናው ብልሽት ቢጠፋብዎ እንኳ አይጨነቁ፣ ትርፍ አለዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቆራጥ አመራርዎ። የሪፖርት ጊዜ ሲደርስ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ፎቶዎቹ እንደተበላሹ ሊነግርዎ መጣ። እርስዎም "የማይከፈት የሚባል ቃል በሪፖርቴ ላይ እንዳላይ፤ ባዶ ቦታም አልፈልግም፤ በተበላሸው ፈንታ የሚከፈት አስገባበት" ብለው አዘዙት። ሰውየው የተባለውን አደረገ። ኮምፒውተሩ የማይከፈቱትንና በግማሽ የሚከፈቱትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ፈልጎ እንዲያገኝ፣ በእያንዳንዱም ቦታ የሚከፈት ፎቶ እንዲተካ አደረገ። ኮምፒውተር "የማንን ፎቶ?" ብሎ መጠየቅ አያውቅም፤ በዚህ ጠባዩ ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ጋር ቶሎ ተግባብቷል። የሚከፈት ፎቶ ሲፈለግ ደግሞ፣ ከሁሉም ፋይሎች በፊት የተቀመጠ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ተገኘ። ስካነሩ የተገዛ ዕለት ይሠራ እንደሆነ የተሞከረበት ፎቶ ነው፤ ሪዙን ያሳመረ፣ ጸጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ፣ ደረቱን የነፋ አንድ ጎልማሳ ይታይበታል። እኚህ ሰው በተበላሸው ፎቶ ሁሉ ቦታ ገቡ።

ሪፖርቱም "የተበላሹ ምስሎች ሙሉ በሙሉ ተተክተዋል" አለ። ዋሸ የሚል ቢኖር ከእኔ ጋር ይጣላል። ተተክተዋል። ለዚህም ሥራዎ የምስክር ወረቀት እንደተሸለሙ አውቃለሁ፤ ፍሬሙን የወሰዱት ከእኔ ሱቅ ነውና፣ መስታወቱንም በገዛ እጄ ነው የቆረጥኩት። ያን ጊዜ ምን እያከበርን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ዳሩ በወርቅ ቀለም የተቀባውን እመርጥልዎ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ አዲሱ የፈቃድ ካርድ። ካርዱ በታሸገ ፖስታ ተሰጠኝ፤ አሮጌውን ፈቃድ ደግሞ "ከእንግዲህ አያስፈልግም" ተብዬ በመስኮቱ አስረከብኩ። ፖስታውን የከፈትኩት ማታ፣ ቤተሰቡ እራት ላይ ተሰብስቦ ሳለ ነው። ባለቤቴ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ "እኔ'ኮ ያገባሁት ሌላ ሰው መስሎኝ" አለ። አማቴ ከእጁ ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር ድረስ አስጠግተው መረመሩትና "ፎቶው ላይ ወፍረሽ ወጥተሻል፤ ሪዙ ግን አልሄደልሽም" ብለው ፈረዱ። ልጆቼ እራታቸውን መጨረስ አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

በማግሥቱ ገበያ ስገባ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ዓይናቸው ደክሟል። ካርዳቸውን ክር በመርፌ ቀዳዳ በሚያስገቡበት ርቀት ይዘው አዩና "ይኸውልሽ ልጄ፣ ያ ጸጉሬ!" አሉኝ። ደስታቸውን የማበላሽበት አንጀት አጣሁ። የጫማ ነጋዴው ካርዱን ከካርዴ አጠገብ አድርጎ "እንግዲህ እህቴ፣ አባታችን አንድ ነው ማለት ነው፤ ውርሱን እንዴት እንካፈል?" አለ። ሲቆጠር በገበያው ውስጥ ከአርባ በላይ ሱቅ በእኚሁ ሰው ፊት ተይዟል። አትክልት ሻጯም እሳቸው ናቸው፣ ጸጉር ቆራጩም እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ፤ የጽሕፈት ቤትዎ በር ጠባቂ ለወትሮው "ወዴት ነሽ?" የሚለኝ ሰው፣ አዲሱን ካርድ ሳሳየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቀጥ አለ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሳቃችን የእድሳቱ ወር እስኪገባ ነበር። ደንቡ እንደሚያውቁት ነው፤ ባለ ፈቃዱ በአካል ይቀርባል፣ ፊቱ ከፎቶው ጋር ይመሳከራል፣ ከተመሳሰለ ይታደስለታል። መስኮት ቁጥር ሦስት ቀረብኩ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን አየችና "ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ" አለችኝ። "ባለቤቱ እኔው ነኝ፣ እህቴ" አልኳት። "እዚህ ላይ ወንድ ነው የሚለው።" "ስሙን አንብቢው እስቲ።" "ስሙ የሴት ነው፣ ፎቶው የወንድ ነው፤ እኔ የማምነው ፎቶውን ነው። ስም ማንም ይጽፋል" ብላ በአንድ ቃል ዘጋችው። ቅር አላለኝም። ሥራዋን ታውቃለች፤ ከተባለችው ውጪ ዝንፍ አትልም። ኃላፊውን ላነጋግር ብዬ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያን አግዳሚ ተቀምጠውበት አያውቁምና ከዚያ ላይ ምን እንደሚታይ ልንገርዎ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል። ሪዙ የተሳመረ፣ ጸጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ፣ ደረቱን የነፋ ጎልማሳ ነው። ከሥሩ የእርስዎ ስምና ማዕረግ ተጽፏል። ካርዴን አወጣሁ፤ ወደ ግድግዳው አየሁ፣ ወደ ካርዱ አየሁ። የበር ጠባቂው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

አምስተኛ፣ እና ይህኛው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል፣ ደግ ሆነው ቢሮዎ ስላስገቡኝ። ፎቶው ከጎልማሳነትዎ ዘመን ነው፤ ዛሬ ሪዙም ተላጭቷል፣ ጸጉሩም በክብር ጡረታ ወጥቷል፤ ይህ በማንም የሚደርስ ነገር ነው። መነጽርዎን አደረጉ። ኮምፒውተሩን ወደ ራስዎ አዙረው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ፎቶውን አዩ። "ወይዘሮ፣ በግልጽ እንነጋገር፤ ይህ ሰው እርስዎ አይደሉም" አሉኝ። እውነትዎን ነው አልኩ። "ታዲያ ማነው?" አሉ።

ዞር ብዬ አየሁ። ጸሐፊዎ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። የኮምፒውተር ባለሙያዎ ምንም ያልሆነ ገመድ ጎንበስ ብሎ ይፈታል። የመስኮት ሦስቷ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን ትመረምራለች። ሦስቱም ያውቃሉ። ነጋዴ ነኝ፤ የቤቱ ሰዎች ዋጋውን ሳይናገሩ እኔ ቀድሜ አልጠራም። "እርስዎ ካላወቋቸው እኔ እንዴት አውቃቸዋለሁ?" አልኩዎ።

ያን ጊዜ ወደ ፎቶው ጠጋ ብለው፣ ግንባሩን በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። "ይህን ሰውዬ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። ፊቱ አላማረኝም። ዓይኑን ይዩት እስቲ፣ የለየለት አጭበርባሪ ነው።" ከዚያ ባለሙያዎን ጠርተው ይህ ፊት ሌላም ፋይል ላይ ካለ እንዲፈልግ አዘዙት። ፈልጎ ለማግኘት አልተቸገረም፤ ያስቀመጠው ራሱ ነውና። የሱቆቹ ቁጥር ሲወጣ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። "አንድ ሰው! አርባ ሱቅ! በእኔ አፍንጫ ሥር!" አሉ። አፍንጫው ላይ እንኳ አልተሳሳቱም። ሰውዬው ተይዞ እስኪቀርብ ድረስም ፊቱ ያለበት ፋይል በሙሉ እንዲታገድ በቃልም በጽሑፍም አዘዙ።

ስወጣ ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ለምን እንደማይነግሩዎ በሹክሹክታ ጠየቅሁ። "ምን ብዬ ልንገራቸው? አርጅተዋል ልበላቸው?" የሚል መልስ አገኘሁ። እንደዚህ የሚሳሱልዎ ሠራተኞች ያሉዎት ዕድለኛ ሰው ነዎት። ስስታቸው ግን ለእኛ ተርፎን፣ በማግሥቱ ቀይ ወረቀት በየበራችን ተለጠፈ። የእኔን የለጠፉት በሩ ላይ ባቆምኩት ትልቅ የቁም መስታወት ላይ ነው፤ ራሱን ሊያይ የሚመጣ ደንበኛ ከአንገቱ በላይ "የታገደ" የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ልብስ ሰፊው የወረቀቱን ቀለም በጣታቸው ዳስሰው "የበዓል ማስታወቂያ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጸጉራቸው አውርተው አያውቁም፤ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ስድስተኛ፣ ለተበላሹት ፎቶዎች ብለው ስለሚደክሙት ድካም። የእኛን ፊት ለማዳን ከሩቅ ባለሙያ ሊያስመጡ፣ የተበላሸ ፋይል የሚጠግን ፕሮግራምም ሊያስገዙ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ አንድ ነገር ላሳስብ። ዋናው ቅጂ አልጠፋም። ከቢሮዎ በር ውጪ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጠዋት መጥቶ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነው። መብራት ቢጠፋ አይበላሽም፤ ፍላሽ ቢነቀል ግማሹ አይቀርም፤ ወደ ፋብሪካ የሚልከውም የለም። ብቻ ብዙ ከቆየ ይርበዋል፣ ይናደዳል፣ ደብዳቤም ይጽፋል። አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ማን ማን እንደሆነ ከጠፋብዎም በገበያው ውስጥ ጎረቤት የማያውቀው ነጋዴ የለም፤ እኔ ለልብስ ሰፊው እመሰክራለሁ፣ ልብስ ሰፊው ለእኔ ይመሰክራሉ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ድምፄን ያውቁታል። የስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ ለፎቶ ጀርባ ጥሩ ይሆናል፤ ቀለሙ ፊት ያበራል። ይህን በሙያዬ ነው የምናገረው።

ሰባተኛ የለኝም። አንድ ጭንቀት ግን አለኝ፤ ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ እርስዎ። በኮሪደሩ ላይ፣ ከፎቶዎ ጎን፣ የጽሕፈት ቤቱ መመሪያ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። ስጠብቅ ጊዜ ስለተረፈኝ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ "የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ሆነ ሠራተኛ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ስም የገበያ ሱቅ ሊይዝ አይችልም" ይላል። እንግዲህ በመስኮት ሦስት እንደተማርኩት፣ በእርስዎ ቤት የሚታመነው ስም ሳይሆን ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ በሌላ ሰው ስም ከአርባ በላይ ሱቅ ላይ ተቀምጧል። እኔ ነገሩን አውቃለሁ፤ እርስዎ እንኳን ሱቅ ሊይዙ ከእኔ ዘንድ አንድ ፍሬም ያለ ደረሰኝ ወስደው አያውቁም፣ በየትም እመሰክርልዎታለሁ። የማያውቅ ሰው ግን አለ። ለምሳሌ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት መርማሪ ካርዶቹንና የኮሪደሩን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት፣ "ፕሮግራሙ ነው ያስገባው" የሚል መልስ ይበቃው ይሆን? ፎቶውን አጭበርባሪ ነው ብለው የፈረዱበት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ያውም በጽሑፍ። ይህን ሳስብ ለእርስዎ ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ፋይሎቻችን ይከፈቱ፤ እያንዳንዳችን የገዛ ፊታችን ይተካልን፤ ፈቃዳችን ወሩ ሳያልቅ ይታደስ። ቀዩን ወረቀትም የለጠፈው ሰው መጥቶ ያንሣው፤ ሲመጣ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይዞ ይምጣ፣ ሙጫው ከመስታወት ላይ በቀላሉ አይለቅም።

የእርስዎም ፊት ያኔ ከአርባ ሱቅ ሥራ ተገላግሎ ወደ አንዱና ወደሚገባው ቦታ፣ ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ ይመለሳል። እዚያ እያየነው ተራችንን እንጠብቃለን።

ለጽሕፈት ቤትዎ የማይነቀል ፍላሽ፣ ለሪፖርትዎ ከዚህም የላቀ ፍሬም፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ደፍሮ እውነቱን የሚነግርዎ አንድ ሰው እየተመኘሁ፣ በመዝገብ እርስዎን፣ በመስታወት ራሴን የምመስለው፣ ከፎቶዎ ሥር ተቀምጬ ጥሪዎን የምጠብቀው፣ ታዛዥዎ፣

የሦስተኛው መተላለፊያ የመስታወት ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊው (በትልልቅ ፊደል)
ለጫማ ነጋዴውና ለቀሩት "ወንድሞቼና እህቶቼ"
በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ፎቶ፣ ለመረጃ ያህል
ለቁጥጥር መሥሪያ ቤት (ታሽጓል፤ ገና አልተላከም)

ሳልረሳው፦ ከደብዳቤው ጋር አንድ የእጅ መስታወት ልኬልዎታለሁ። ጉቦ እንዳይባልብን በውሰት ነው፤ ሲጨርሱ ይመልሱልኛል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ከኮሪደሩ ፎቶ ሥር ይቁሙ፣ መስታወቱን ከፊትዎ ይያዙ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ መስታወቱ ይመልከቱ፤ ጸጉሩንና ሪዙን በሐሳብዎ ይጨምሩበት። የሚፈልጉትን አጭበርባሪ እዚያው ያገኙታል። ሲያገኙት ስለ እኛ ብለው ብዙ አይጨክኑበት፤ ሱቃችንን ብቻ ይመልስልን።

ከሰዓት፦ ደብዳቤውን ቆመው የሚያነቡ ሰዎች የገበያውን በር ዘግተውት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ በር ጠባቂ መጥቶ አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ሳይስቅ ሄደ፤ ጥግ ሲዞር ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። መስታወቱን ከደብዳቤው ጋር ለጸሐፊዋ በእጇ ሰጠኋት። ሁለት የእጅ መስታወት ተሸጠ።

ነገ፦ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ከልብስ ሰፊውና ከጫማ ነጋዴው ጋር ፎቶ ቤት፣ ጉርድ ፎቶ። ከዚያ መስኮት ሦስት። ለቁጥጥር መሥሪያ ቤት የታሸገውን ፖስታ በቦርሳዬ መያዝ፤ ፖስታ ቤቱ ስመለስ መንገዴ ላይ ነው።